ባዶ ያልነበረው ቆላ

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አይከል ላይ ጋቢ የደረበ መንገደኛ ቁልቁለቱን ሲይዝ ጋቢውን ያጥፋል፤ ገንዳ ውኃ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ከ2,000 ሜትር የሚበልጠው ከፍታ ወደ 700 ገደማ ይወርዳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ሣሩ ይነድዳል፤ ጥቁሩ አፈር እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ሰኔ ሲገባ ያው አፈር ጭቃ ሆኖ መኪና ይይዛል፤ ቆይቶም ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ያበቅላል።

ክረምቱ ሲጀምር መንገዱ በሰው ይሞላል። ከደጋው ጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ወጣቶች በአይሱዙ ተጭነው ይወርዳሉ። ሳሉግ ይሏቸዋል፤ ሰሊጥ አርመውና አጭደው ወደየቤታቸው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሞፈር ዘመቶችም አሉ፤ ቤታቸው ደጋ፣ እርሻቸው ቆላ የሆነ ገበሬዎች። የትራክተር ሹፌሩ፣ የሰሊጥ ነጋዴው፣ ከገላባት የተሻገረው ጀላቢያ ለባሽ ሱዳናዊ ሁሉም በአንድ ገበያ ይተራመሳሉ።

ከዚህ ግርግር ዳር፣ በተለይ ወደ ሽንፋና ወደ ቋራ በሚያመራው በኩል፣ ሌላ ሰልፍ አለ። የጉሙዝ ሴቶች ረጅም ዘንግ በትከሻቸው ያጋድማሉ፤ በአንዱ ጫፍ እንጨት፣ በሌላው ቅል ወይም ቅርጫት አንጠልጥለው፣ ሚዛኑን ጠብቀው በፈጣን እርምጃ ያልፋሉ። ከገበያተኛው ብዙው፣ እሱ ባይሆን አባቱ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የጉሙዞቹ ቅድመ አያቶች ግን ይህን ቆላ የሚያውቁት ገበያው ሳይቆም፣ ድንበሩም ሳይሰመር ነው።

መተማ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በመጋቢት 1881 ዓ.ም ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁትን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ነው። ቋራ ሲባል በዚያ ሸፍቶ በኋላ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው ካሳ ኃይሉ ይታወሰናል። ሁለቱም መታወሳቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ነገሥታት የተመላለሱበት ምድር የራሱ ሕዝብ ነበረው፤ ዛሬም አለው። ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ወደዚህ ቆላ የወረደው ሁሉ፣ ነጋዴውም ባለሥልጣኑም፣ እቅድ አውጪውም ባለሀብቱም፣ መሬቱን ባዶ አድርጎ አይቶታል። የጉሙዝ ሕዝብ የመብት ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ አስተያየት ነው። መፍትሔውም ይህን አስተያየት ከመተው ይጀምራል።

ከሽንፋ ወንዝ የወጣው ማስረጃ

በመጋቢት 2016 ዓ.ም፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የተመራ የኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ቡድን በሽንፋ ወንዝ ዳር ያገኘውን የጥንት ሰፈር ‘ኔቸር’ በተባለው የሳይንስ መጽሔት አስነበበ። ሰፈሩ ወደ 74,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ ብናኝ እዚህ ድረስ ደርሶ በአፈሩ ውስጥ ተገኝቷል። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች፣ በጋ ጠንክሮ ወንዙ ሲቆራረጥ፣ በየኩሬው የተጠራቀመውን ዓሣ ያወጡ ነበር። የሰጎን እንቁላል ይበሉ ነበር። የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ትናንሽ ሦስት ማዕዘን ድንጋዮችም ተገኝተዋል።

እነዚያ ሰዎች የዛሬዎቹ ጉሙዞች ቀጥተኛ አያቶች ናቸው ማለት አይቻልም። ግኝቱ የሚያስረዳው ግን አንድ ትልቅ ነገር ነው፦ ደገኛው ‘ሰው የማይኖርበት በረሃ’ የሚለው ቆላ፣ የወንዙን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው መኖሪያ ነው። በጋ ሲበረታ ዓሣው ወደ እጅ ይቀርባል፤ ሽመሉ ቤትም ዕቃም ይሆናል፤ ጫካው ማርና ፍሬ ይሰጣል። የጉሙዝ አኗኗር የቆመው በዚህ እውቀት ላይ ነው። የጉሙዝ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከመተማ አካባቢ ጀምሮ በመተከል በኩል ዓባይን ተሻግረው እስከ ዴዴሳ ሸለቆ ድረስ በሱዳን ጠረፍ ተዘርግተው ይኖራሉ። ቋንቋውን ብዙ የሥነ ልሳን ምሁራን በናይሎ ሰሃራዊ ቤተሰብ ውስጥ ያስቀምጡታል። በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመዘገበው የጉሙዝ ቁጥር 159,418 ነበር። ከዚያ በኋላ አገራዊ ቆጠራ አልተደረገም።

ገበያው የሸጠው ሰው

በ1764 ዓ.ም ከጎንደር ወደ ሰናር ያለፈው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በዚህ ጠረፍ ስለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ጽፏል። የተጠቀመበት የጅምላ ስም ዛሬ በሕዝብ ፊት የማይነሣ ስድብ ነው። በበጋ በዛፍ ጥላ፣ በክረምት በዋሻ እንደሚኖሩ፣ ከደጋ የሚወርዱ ባላባቶችም ሰው ለመፈንገል እንደሚዘምቱባቸው መዝግቧል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመተማ ገበያ ከሱዳን ጋር በሚደረገው ንግድ ስመ ገናና ሆነ። ቡና፣ ሰምና ዝባድ ይሸጥበት ነበር፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር።

የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አሕመድ ስለ ጉሙዝና ስለ ቤላ ሻንጉል ባቀረቧቸው ጥናቶች፣ የባሪያ ንግዱ በጠረፉ እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ መዝለቁን አሳይተዋል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ከተገባው ቃል አንዱ ባርነትን ማስቀረት ነበር፤ በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም ነው። ይህ ዛሬ በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች አባቶች ያዩት ዘመን ነው። የጉሙዝ መንደሮች ከመንገድ ርቀው፣ ከደገኛ ጋር ተጠንቅቀው መኖራቸውን ‘ኋላ ቀርነት’ የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ታሪክ ሊያውቅ ይገባል። መራቅ ልጅን ከፈንጋይ ያተረፈ ጥበብ ነበር።

በ1894 ዓ.ም ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ የተፈራረሙት የድንበር ውል በዚህ ላይ ተጨመረ። ቀጥሎ በነበረው ዓመት የእንግሊዙ ሻለቃ ግዊን መስመሩን ምድር ላይ ሲያመለክት፣ በአንድ ወንዝ የሚጠጡ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በሁለት መንግሥት ሥር ገቡ። ታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እንዳሳየው፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በሰሜን ምዕራቡ ጠረፍ የማሽላ እርሻ ለሱዳን ገበያ ሲል ተስፋፋ። የዛሬው የሰሊጥ ቆላ መሠረት የተጣለው ያኔ ነው።

ጾም ያደረው መሬት

የጉሙዝ ገበሬ ማሳውን መንጥሮ፣ አቃጥሎ፣ ማሽላና ዳጉሳ ጥቂት ዓመት ያመርትበታል። አፈሩ ሲደክም ይተወውና ወደ ሌላው ይሄዳል። የተተወው ማሳ ግን የእሱ ወይም የጎሳው ነው፤ ዓመታት ቆጥሮ፣ ዛፉ ተመልሶ ሲያገግም ይመለስበታል። የማን ማሳ የት እንደሚያበቃ፣ የትኛው ጎሳ በየትኛው ወንዝ ዓሣ እንደሚያወጣ ያለ ወረቀት ይታወቃል። ማዳበሪያ በማይገዛበት አገር ዛፉ ራሱ ማዳበሪያ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ሰው ግን ይህን ጾም ያደረ መሬት ሲያይ የሚያየው ጫካ ብቻ ነው። አጥር የለውም፤ ሞፈር አልነካውም። ‘ባለቤት የለውም’ ብሎ ይጽፋል። በዚህ ዓይነት መነጽር የታዩት እቅዶች ብዙ ናቸው። በ1970ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ደርግ ድርቅ የመታቸውን ሰዎች ሲያሰፍር፣ ከዚህ በስተደቡብ በጣና በለስ ወደ 80,000 ገደማ ሰዎች በጉሙዝ ምድር ላይ አረፉ። አንትሮፖሎጂስቱ ወልደ ሥላሴ አቡቴ በመተከል ባደረጉት ጥናት፣ ሰፈራው ጉሙዞችን ከለም መሬታቸውና ከጫካቸው እንዴት እንደገፋ፣ ከሰፋሪዎቹ ጋርም በምን እንዳጋጫቸው በዝርዝር ጽፈዋል። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው ሁለተኛው የሰፈራ መርሐ ግብር በሦስት ዓመት 440,000 አባወራዎችን፣ 2.2 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለማስፈር አቅዶ ነበር። በአማራ ክልል ከተመረጡት ቦታዎች መካከል መተማና ቋራ ይገኙበታል። ከዚያም ተራው የባለሀብቶች ሆነ፤ መቶዎችና ሺዎች ሄክታር ለሰሊጥና ለጥጥ በሊዝ ተሰጡ። ደሳለኝ ራህመቶ በ2003 ዓ.ም ስለ ሰፋፊ እርሻ ባሳተሙት ጥናት፣ በአገሪቱ ቆላዎች መሬት ለባለሀብት ሲተላለፍ የአካባቢው ሕዝብ እንዳልተማከረ አስረድተዋል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ከወሎ ወይም ከደጋው ጎንደር ተነሥቶ ቆላ የሰፈረው ገበሬ ወራሪ አይደለም። መሬቱ ያለቀበት፣ ድርቅ ያሳደደው፣ በወባና በካላ አዛር ልጁን የቀበረ ድሃ ነው። በደሉ የተሠራው ሁለቱን ድሆች በአንድ ማሳ ላይ ያገናኘው እቅድ ሲነደፍ ነው፤ ያ እቅድ የመጀመሪያውን ባለቤት አልጠየቀም።

ሕጉም በሩን ክፍት ትቶ ነበር። የ1997ቱ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፣ መንግሥት የመሬት ባለቤት በመሆኑ የወል ይዞታን እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ሊለውጥ እንደሚችል ይደነግግ ነበር። በደጋ ያለ ገበሬ ለጓሮውና ለማሳው የይዞታ ደብተር ተሰጠው፤ ያረፈ ማሳን በዙር የሚያርስ ጎሳ ግን ለዚያ ደብተር አይመችም።

በ1998 ዓ.ም በቋራ የተቋቋመው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም ሌላ ካርታ ነው። 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። ሽመሉን፣ አራዊቱንና ወንዙን ለመጠበቅ መታሰቡ መልካም ነው። ነገር ግን ፓርክ ሲከለል አደን፣ የጫካ ማር፣ ሽመልና ዓሣ ከኑሮነት ወደ ወንጀልነት ይለወጣሉ። በ2008 ዓ.ም የውጭ ተመራማሪዎች በአልጣሽ የአንበሳ ፎቶግራፍ ሲያነሡ ዜናው ‘የማይታወቁ አንበሶች ተገኙ’ ተብሎ ዓለምን ዞረ። የቋራ ሰው ግን አንበሶቹ መኖራቸውን ያውቅ ነበር። ፎቶግራፉ ለሳይንስ ያስፈልግ ነበር፤ የአገሬው እውቀት ግን ዜናው ውስጥ ቦታ አላገኘም።

መብቱ የቆመበት መስመር

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለእንዲህ ዓይነቱ ሕዝብ የሚሰጠው ትንሽ አይደለም። አንቀጽ 39 ማንኛውም ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ራሱን የማስተዳደር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 43 ሕዝቦች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ ያዛል። አንቀጽ 54 በፓርላማ ቢያንስ 20 መቀመጫ ለአናሳ ብሔረሰቦች ይመድባል።

መብቱ ግን በተግባር የሚወርደው በአስተዳደር ወሰን በኩል ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉሙዝ ከበርታ፣ ከሺናሻ፣ ከማኦና ከኮሞ ጋር ከአምስቱ ነባር ብሔረሰቦች አንዱ ነው፤ ቋንቋው ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ከሕዝቡ የወጡ ሰዎች በክልሉ ሥልጣን ይዘዋል። ከዚያ መስመር በስተሰሜን ያለው ጉሙዝ ግን የመተማና የቋራ ወረዳ ነዋሪ ነው። የአማራ ክልል የ1994ቱ ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ የብሔረሰብ አስተዳደር ሰጥቷል፤ በኋላም አርጎባ ልዩ ወረዳ አገኘ። ቁጥራቸው ትንሽ የሆነ፣ መንደራቸውም የተራራቀ ጉሙዞች ለዚህ አይበቁም። መብት በዞን ልክ ከተሰፋ፣ ዞን የማይሞላ ሕዝብ ራቁቱን ይቀራል።

መስመሩ በሌላኛው በኩል የሚጎዳው ሌላ ነው። በመተከል ‘ነባር’ ያልተባሉት አማሮች፣ አገዎችና ኦሮሞዎች ለዓመታት የባይተዋርነት ስሜት አድሮባቸዋል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ታጣቂዎች ከ100 በላይ ሰዎች መግደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። በእነዚያ ዓመታት በግጭቱ ጉሙዞችም ተገድለዋል፤ ተፈናቅለዋል። ማንነትን ከመሬት ቁራጭ ጋር ብቻ ያሰረ ሥርዓት በየትኛውም ወገን ያለውን ደካማ ለአደጋ ያጋልጣል።

ከመተማ እስከ ጭልጋ የሚኖረው የቅማንት ሕዝብ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በ1987ቱ ቆጠራ 172,327 ሰዎች ቅማንት ተብለው ተመዝግበዋል፤ በ1999ኙ ግን ስሙ ከዝርዝሩ ወጣ። ከረጅም አቤቱታ በኋላ የክልሉ ምክር ቤት በ2007 ዓ.ም ለ42 ቀበሌዎች ራስን የማስተዳደር መብት ሰጠ። በመስከረም 2010 ዓ.ም በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ ሰባቱ በነበሩበት ለመቀጠል፣ አንዱ ወደ ቅማንት አስተዳደር ለመግባት መረጡ። የቀበሌ ቁጥሩ ክርክር ግን በድምፅ አልቆመም። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በመተማ፣ በጭልጋና በጎንደር ዙሪያ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፤ በ2013 ዓ.ም ክረምት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ሱዳን ገቡ። ቋንቋውን ያጠኑት ዘለዓለም ልየው ቅማንትኛ በአማርኛ እየተተካ መሆኑን በ1990ዎቹ ዓ.ም አሳይተው ነበር። ስለ ቀበሌ የተደረገውን ያህል ስለ ቋንቋው ቢደከም ኖሮ የሚተርፍ ነገር ነበር።

ኢትዮጵያ ያልነበረችበት ድምፅ

መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ አዲሱን ሚሊኒየም በተቀበለች ማግስት፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ አጸደቀ። 144 አገሮች ደገፉ፣ 4 ተቃወሙ፣ 11 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ ድምፅ አልሰጠችም፤ አልተገኘችም። የመግለጫው ልብ፣ በነባር ሕዝቦች መሬት ላይ የሚደረግ ሥራ አስቀድሞ፣ በነጻነትና በበቂ መረጃ የእነሱን ስምምነት ያግኝ የሚለው ነው። ቀደም ብሎ በ1981 ዓ.ም የወጣውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 169ንም አገራችን አልተቀበለችም።

‘በአፍሪካ ሁሉም ነባር ነው’ የሚል ክርክር አለ። የአፍሪካ ሰብአዊና ሕዝቦች መብት ኮሚሽን ለዚህ መልስ ሰጥቷል፦ ጥያቄው ማን ቀድሞ መጣ ሳይሆን፣ አኗኗሩ ከመሬቱ ጋር የተሳሰረ ሆኖ በልማት ስም ወደ ዳር የተገፋው ማን ነው የሚለው ነው። ኮሚሽኑ በ2002 ዓ.ም ይፋ በሆነው ውሳኔ፣ ኬንያ የኢንዶሮይስ ሕዝብን ለአራዊት መጠበቂያ ብላ ከቦጎሪያ ሐይቅ ዳር ማስነሣቷ የአፍሪካን ቻርተር እንደጣሰ አረጋገጠ። በግንቦት 2009 ዓ.ም የአፍሪካ ፍርድ ቤት በማው ጫካ ለሚኖረው የኦጊዬክ ሕዝብ ፈረደ። ኢትዮጵያ ቻርተሩን የተቀበለችው በ1990 ዓ.ም ነው። ስለዚህ በአልጣሽ ዳር ወይም በሽንፋ ሸለቆ ለሚኖረው ጉሙዝ የሚጠቅመው ሕግ በእጃችን አለ።

ጥናቱ ማንን ያያል?

ይህ ቆላ ያልተጠና አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በካላ አዛር ላይ ለዓመታት ሠርተዋል፤ በበሽታው በብዛት የሚጠቃው በጥቁር አፈርና በግራር ዛፍ ሥር የሚያድረው ሳሉግ በመሆኑ ጥናቱም እሱን ይከተላል፤ ትክክል ነው። በዕጣን ዛፍ ላይ የተሠራው ደግሞ ዓለምን አስደንግጧል። በ2011 ዓ.ም በታተመው ጥናት፣ የመተማን ጨምሮ የተመረመሩት አብዛኞቹ የዕጣን ደኖች ለአሥርት ዓመታት ችግኝ አላሳደጉም፤ በሚቀጥሉት 20 ዓመታት የዕጣን ምርት በግማሽ ሊቀንስ ይችላል ተብሏል። ምክንያቶቹ እሳት፣ ልቅ ግጦሽና ዛፉን ያለ እረፍት ማድማት ናቸው።

ዛፉ፣ ሰሊጡ፣ ሠራተኛው፣ አንበሳው ተቆጥሯል። ጉሙዙ ግን በብዙው ጥናት መግቢያ ላይ ‘በአካባቢው ጉሙዝም ይኖራል’ በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋል። ስለ ጉሙዝ በጥልቀት የጻፉት፣ ዌንዲ ጄምስም ሆኑ ወልደ ሥላሴ አቡቴ፣ ያተኮሩት በዓባይና በመተከል በኩል ባለው ላይ ነው። የሰሜኑ ጠረፍ ጉሙዝ ለባሕር ዳር ሩቅ ነው፤ ለአሶሳም የሌላ ክልል ሰው ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የተነሣው የሱዳን ጦርነት በመተማ በኩል ስደተኛ አፈሰሰ፤ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ውጊያም መንገድ ዘጋ። የተረሳው ይበልጥ ተረሳ።

ሳይዘገይ ሊደረግ የሚችል

ለዚህ ሕዝብ ፍትሕ ለመስጠት አዲስ ዞን መፍጠር፣ አዲስ ድንበር መቁረጥ አያስፈልግም። የቅማንት ልምድ የሚያስጠነቅቀው ከዚህ ነው። የሚያስፈልገው በቀበሌ ልክ የሚሠራ መብት ነው።

የመጀመሪያው መሬት ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲተገበር፣ የመተማና የቋራ መሬት ጽሕፈት ቤቶች የጉሙዝ መንደሮችን ያረፈ ማሳ፣ የዓሣ ወንዝና የማር ጫካ ከሽማግሌዎች ጋር ዞረው ለክተው፣ በወል ይዞታ ሊመዘግቡላቸው ይገባል። በዚያ ላይ ሊዝ አይሰጥ። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተዘጋጁ የጉሙዝኛ መማሪያ መጻሕፍት አሉ፤ ሁለቱ ክልሎች ቢስማሙ የቋራ ልጅ የመጀመሪያ ክፍሎችን በእናቱ ቋንቋ ይማራል። ወባ የያዘው ልጅ እናትም ጤና ጣቢያ ስትደርስ የሚያናግራት ሰው ታገኛለች። ሦስተኛው ፓርኩ ነው። አልጣሽን ከእሳትና ከሕገ ወጥ አዳኝ የሚጠብቅ ሰው ሲቀጠር፣ ዱካ ማንበብ ከልጅነቱ የተማረው ጉሙዝ ቀድሞ ይታሰብ። አራተኛው ጥናት ነው። ወደ ቆላው የሚወርድ ተመራማሪ መንደሩን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ያገኘውንም ወደ መንደሩ ይመልስ። የሚቀጥለው ቆጠራ ሲደረግም ቆጣሪው መንገድ ዳር ካለው ቀበሌ ሳይመለስ እስከ ሽመሉ ጫካ ይግባ።

ይህ ሁሉ ከአዲስ ሕግ ይልቅ ያለውን ሕግ መፈጸምን ይጠይቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ‘ሐሳባቸው ይጠየቅ’ ሲል ትልቁን ብሔር ከትንሹ አልለየም። የሚቀጥለው ባለሀብት፣ የሚቀጥለው የሰፈራ እቅድ፣ የሚቀጥለው የፓርክ ወሰን በካርታ ላይ ከመሰመሩ በፊት አንድ የወረዳ ባለሙያ ወደ ጉሙዝ መንደር ሄዶ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ‘ይህ መሬት የማን ነው?’ ብሎ ይጠይቅ። መልሱንም መዝግቦ እቅዱን በዚያ ላይ ያቁም። በዚህ ቆላ ልማት የሚባል ነገር መጀመር ያለበት ከዚህ ጥያቄ ነው።